ወይዘሮ ትዊዲ የተታለሉ መበለት አልነበሩም

ህንድ ሄደው ሱፊነትን፣ ማለትም የእስልምናን የውስጥ መንፈሳዊ መንገድ፣ ስለተማሩት ስለ ኢሪና ትዊዲ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን እዚህ ባሕር ዳር ከሰው ሰው ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለኔም ደረሰኝ። የላከልኝ ወዳጄ ከሥሩ «እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ጠይቋል። ጥያቄው የቅን ሰው ጥያቄ ነው። መልሱም በቅንነት ሊሰጥ ይገባል።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ልንገር። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። ሴትዮዋ አልሰለሙም፣ መምህራቸውም ሂንዱ ነበሩ፤ ስለዚህ ሱፊ አይባሉም። መምህሩ አንገላትተዋቸዋል፤ ገንዘባቸውን አስጥለው፣ አስርበው፣ ሰው ፊት አዋርደዋቸዋል። በሱፊ መንገድ ሴት ትከተላለች እንጂ አታስተምርም። ትምህርታቸውም ሕልም ማውራትና ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው። በመጨረሻ ደግሞ፣ ሱፊነት ለጎጃም ባዕድ ስለሆነ የኚህ ሴት ነገር ለኛ ምናችን ነው ብለው ይደመድማሉ።

የምስማማበት ቦታ አለ፤ ስደርስበት እናገራለሁ። የማልስማማበት ግን ይበዛል።

መጀመሪያ ሴትዮዋን እንወቃቸው። ጽሑፉ ስለ ሕይወታቸው የነገረን ጥቂት ነው። ኢሪና ትዊዲ በ1907 ሩሲያ ውስጥ ተወለዱ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ቪየናና ፓሪስ ተማሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንድ እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን አግብተው እንግሊዝ አገር ኖሩ። በ1954 ባለቤታቸው አረፉ። ሐዘኑ በጣም ጎዳቸው። መጽናኛ ፍለጋ ቴኦሶፊካል ሶሳይቲ ወደሚባለው ማኅበር ተጠጉ። በኋላም ወደ ህንድ ሄዱ። በ1961 ካንፑር በምትባል የሰሜን ህንድ ከተማ ራድሃ ሞሃን ላል የሚባሉ መምህር አገኙ። ተከታዮቻቸው «ብሃይ ሳሂብ» ይሏቸዋል፤ እኛ ታላቅ ወንድምን «ጋሼ» እንደምንለው ነው። ወይዘሮ ትዊዲ ያኔ ዕድሜያቸው ከ50 አልፎ ነበር። በመካከሉ ወደ እንግሊዝ ሄደው ተመልሰዋል። መምህሩ በ1966 አረፉ። እሳቸው ለንደን ገብተው ማስተማር ጀመሩ። በ1999 እዚያው አረፉ። ተማሪዎቻቸው «ወይዘሮ ትዊዲ» ይሏቸው ስለነበር እኔም እንደዚያው እላለሁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ሱፊ አይደሉም ስለተባለው።

እኔ ሙስሊም ነኝ። ሶላትን የሚተካ ዚክር (አላህን ደጋግሞ ማውሳት) አለ ብዬ አላምንም። ወይዘሮ ትዊዲ ሙስሊም ነበሩም አልልም። ግን ጸሐፊው ሁለት ነገር አደባልቀዋል። አንዱ፣ ይህ እኔ የምከተለው መንገድ ነው ወይ የሚለው ነው። ሌላው፣ ሲልሲላው፣ ማለትም ከሼህ ወደ ሼህ የሚወርደው ሰንሰለት፣ እውነተኛ ነው ወይስ የፈጠራ የሚለው ነው። ጽሑፉ ከፈጠራ ቆጥሮታል። ፈጠራ አይደለም።

ጠሪቃው፣ ማለትም የሱፊ መንገዱ፣ ናቅሽባንዲያ ነው። ስሙ የተወሰደው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቡኻራ ከኖሩት ከባሃኡዲን ናቅሽባንድ ነው። ቅርንጫፉ ደግሞ ሙጀዲዲያ ይባላል፤ ይህም ህንድ ውስጥ ከ1564 እስከ 1624 በኖሩት በሼህ አሕመድ ሲርሂንዲ የተጠራ ነው። እንግዲህ ሲርሂንዲ በሸሪዓ ጉዳይ ዋዛ የማያውቁ ሰው ናቸው። ሸሪዓን የለቀቀ ሱፊነት አይቀበሉም። ለሂንዱ እምነትም ፊት አይሰጡም። ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ኖሮ ክርክራቸው ይጠነክር ነበር። ሳያነሱት ቀሩ።

ነገር ግን ታሪኩ እዚያ አያበቃም። በዚያው ሲልሲላ ውስጥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደልሂ ላይ ሚርዛ መዝሐር ጃን ጃናን የሚባሉ ትልቅ ሼህ ተነሱ። በ1781 ነው ያረፉት። እሳቸው ደግሞ የሂንዱዎቹ ጥንታዊ መጻሕፍት መነሻቸው ከአላህ ዘንድ ነው፣ ሂንዱዎቹን እንደ ድሮ የዐረብ ጣዖት አምላኪዎች አድርገን በጅምላ አንፈርጃቸው ብለው ጻፉ። ልብ በሉ፤ ይህን ያሉት ሶላታቸውን ጠንቅቀው የሚሰግዱ የናቅሽባንዲ ሼህ ናቸው። ከእሳቸው በወረደው መስመር፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ሼህ ፈድል አሕመድ ኻን ራምቻንድራ የሚባሉ ሂንዱ ሙሪድ (ደቀ መዝሙር) ተቀበሉ። ኢጃዛም፣ ማለትም የማስተማር ፈቃድ፣ ሰጧቸው። ራምቻንድራ ልስለም ቢሉ ሼሁ አያስፈልግም እንዳሏቸው በተከታዮቻቸው ዘንድ ይነገራል። ራድሃ ሞሃን ላል የራምቻንድራ የወንድም ልጅ ናቸው። እሳቸው ራሳቸውም የተማሩት ከሙስሊም ሼህ ነው።

ስለዚህ ክርክሩ የቤተሰብ ክርክር ነው። ከአንድ ቤት የወጡ ሼሆች ሁለት ነገር ብለዋል። ብዙዎቹ ዑለማዎች የሲርሂንዲን ይዘዋል፤ እኔም ልቤ ወደዚያ ያደላል። የመዝሐርን መንገድ የያዘውን ግን «አጭበርባሪ» ማለት ሌላ ነገር ነው። ማስረጃ ይፈልጋል።

«አሠቃይተዋቸዋል» ስለተባለው ሰፋ አድርጌ እናገራለሁ። ሰዉን ሁሉ ያስደነገጠው ይህ ነውና።

ጸሐፊው የጠቀሷቸው ነገሮች ተፈጽመዋል። አልክድም። ወይዘሮ ትዊዲ ካንፑር የደረሱት ትምህርት ጠብቀው ነበር። ዮጋ፣ ምሥጢር፣ ከፍ ያለ ነገር። መምህሩ ግን የሚሆነውን በየቀኑ ጻፊ አሏቸው፤ አንድ ቀን መጽሐፍ ይሆናል አሉ። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ነገር መጠበቅ ነው። ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የካንፑር የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መምህሩ ይወጣሉ፣ ከሌሎች ጋር ይጨዋወታሉ፣ እሳቸውን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ይገባሉ። አንድ ቀን በደንብ ያስረዷቸዋል። በማግሥቱ ሰው ፊት ይቆጧቸዋል። ያላቸውን ገንዘብ ሁሉ እንዲሰጡ አደረጓቸው። ተራቡ። አለቀሱ። ተናደዱ። መምህሩንም ተጠራጠሩ።

ይህን ሁሉ ከየት አወቅን? ከራሳቸው ነው። ጸሐፊው ለክስ ያቀረቧት እያንዳንዷ ማስረጃ ከወይዘሮ ትዊዲ ማስታወሻ የተወሰደች ናት። ማስታወሻው በ1979 አጠር ብሎ ታተመ። በ1986 ሙሉው ወጣ፤ ከ800 ገጽ በላይ ነው። መምህሩ ከሞቱ ያኔ 20 ዓመት ሆኗቸዋል። የሚያስገድዳቸው ሰው አልነበረም። ወደ 80 ዓመት የተጠጉ ሴት ናቸው። እንባቸውን፣ ቁጣቸውን፣ በመምህሩ ላይ የተናገሩትን ክፉ ቃል ሳይቀር እንዳለ አሳተሙት። ያ ጊዜ ውስጤ ያለውን ጨለማ እንዳይ አስገደደኝ፣ ለሞትም አድርሶኝ ነበር ይላሉ። በዚያው አፋቸው ግን ያመሰግናሉ። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ሰምተው ሁለተኛውን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። የምስክርን ቃል ከግማሽ ላይ ቆርጦ ፍርድ መስጠት ግፍ ነው።

ደግሞ ጎጃም ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ዓይነት ትምህርት አላውቀውም ሲል ይገርመኛል። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ ስማቸው የገነነው በቅኔ ቤታቸው አይደለም ወይ? ልጅ ሆኜ ሞጣ እያለሁ፣ ማለዳ በጎረቤታችን ደጅ የሚቆሙትን የቆሎ ተማሪዎች አያቸው ነበር። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ ለውሻው ዱላ ይዘው «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላሉ። አንደኛው ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የውሻ ንክሻ ጠባሳ ነበረው። ያቺን እግሩን ወደ ኋላ ሸሸግ አድርጎ፣ ዱላውን ፊት ለፊት ተክሎ ነበር የሚቆመው። ቁራሿን ሲቀበል አይቀምሳትም። አኮፋዳው ውስጥ ይከታታል፤ ከጓደኞቹ ጋር ነው የሚበላት። ብዙዎቹ የደኅና ገበሬ ልጆች ነበሩ። ቤታቸው እህል ሞልቷል። የኔታ ዘንድ ሲመለስ ደግሞ ሲቆጥር ያደረው ቅኔ በጓደኞቹ ፊት ይነቀፍበታል። እንደገና ይቆጥራል።

በኛ በሙስሊሞቹ ወገን ደግሞ ደረሳ (የሼህ ተማሪ) አለ። ከጎጃም ወደ ወሎ፣ ሼህ ፍለጋ የሚሄድ ልጅ ኪታብ ብቻ አይደለም የሚጠብቀው። እንጨት ይፈልጣል፣ ውኃ ይቀዳል፣ የሼሁን ማሳ ያርማል። ኺድማ ይባላል። ሼሁ ለወራት ዞር ብለው ላያዩት ይችላሉ። ነፍሱ እስክትሰበር ነው።

አልፎ ሂያጅ ሁለቱንም ቢያይ «ልጁን አስራቡት» ብሎ ይሄዳል። የኔታን የሚያውቅ ሰው እንደዚያ አይልም። ወይዘሮ ትዊዲ ላይ የደረሰውም ከዚህ ጎራ የሚመደብ ነው። ልዩነቱ፣ ልጆቹ ለጋ ዕድሜያቸው ላይ ነው የሚገቡበት። እሳቸው ግን ትዳር ይዘው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ ዓለምን አይተው፣ ካንፑር ያለው በር ክፍት ሆኖ ሳለ ነው የቀሩት። እንግሊዝም ሄደው ተመልሰዋል። ተመልሰው የመጡት በእግራቸው ነው።

አሁን የምስማማበት ላይ ደረስኩ። ጸሐፊው «ማንም ተነስቶ መንፈሳዊ መምህር ነኝ ብሎ ሰው ሊያራቁት ነው ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሥጋታቸው ሥጋቴ ነው። የመምህር ቁጣ በራሱ የእውነት ምልክት አይደለም። ዛሬ በየከተማችን በሼህ ስም፣ በባሕታዊ ስም፣ በነቢይ ስም የደሃ ሴት ወርቅ የሚያስወልቅ ሞልቷል። ልጄ «ካንፑር ሄጄ ያለኝን ሰጥቼ እቀመጣለሁ» ብትለኝ እግሯን ይዤ እለምናታለሁ። ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ። አንዲት አዋቂ ሴት አስባና ፈቅዳ የሄደችበት መንገድ ለሁሉም የሚታዘዝ መድኃኒት አይደለም። ወይዘሮ ትዊዲም ማስታወሻቸውን ያሳተሙት የሆነውን ለመመስከር እንጂ ሰውን ሁሉ ወደዚያ ግቢ ለመንዳት አይደለም።

የሚያሳዝነኝ ግን ጸሐፊው ለሴትዮዋ አዋቂነት ቦታ አለመስጠታቸው ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ምስኪኗ መበለት» እየተባሉ ነው የሚጠሩት። ወንድ ሆነው ያንኑ ቢያደርጉ «ዓለምን የናቁ» ይባሉ ነበር።

ይህ ወደ ሦስተኛው ነጥብ ይወስደኛል። ሴት በሱፊ መንገድ አታስተምርም የሚለው ወደር የለሽ ስሕተት ነው።

በ8ኛው ክፍለ ዘመን ኢራቅ ውስጥ በበስራ ከተማ የኖሩትን ራቢዓ አል-ዐደዊያን የማያውቅ የሱፊ ሰው የለም። እሳቸውን ሁሉም ስለሚጠቅስ ልለፋቸው። ኢብን ዐረቢን እንውሰድ። በ1165 ተወልደው በ1240 ያረፉት እኚህ ሰው «ትልቁ ሼህ» የሚባሉ ናቸው። ወጣት ሳሉ ሴቪል ከተማ ውስጥ ፋጢማ የተባሉ ከ90 ዓመት ያለፋቸው አሮጊት ዘንድ ገብተው አገልግለዋል። የሚኖሩባትን የሸምበቆ ጎጆም በእጃቸው ሠርተውላቸዋል። ይህን የጻፉት ራሳቸው ኢብን ዐረቢ ናቸው።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። በቱርክ የሪፋዒያ ጠሪቃ ሼህ ኬናን ሪፋዒ በ1950 ሲያርፉ፣ ተከታዮቻቸውን የመሩት ሳሚሃ አይቨርዲ የሚባሉ ሴት ናቸው። በ1905 ተወልደው በ1993 ያረፉ፣ ብዙ የጻፉ ሴት ናቸው። ከወይዘሮ ትዊዲ ጋር የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው ማለት ነው። በኛም አገር አርሲ ፈረቀሳ የነበሩት ሞሚና አሉ። ፈረቀሳ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስለት ይዞ የሚሄድበት ቦታ ነው። ሴት ናቸውና አንሄድም ያለ አልሰማሁም።

ለጎጃሜ አንባቢ ግን ከሁሉ የሚቀርቡት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። ሱፊ አይደሉም፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው። ዓይነ ስውር ነበሩ። ቅኔውን ከአባታቸው ተማሩ። ከዚያ ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን አስተማሩ። ከሳቸው የወጡ መሪጌቶች ጎጃም ውስጥ ቅኔ አስተምረዋል። አንዲት ማየት የተሳናት ሴት ቅኔ ቤት ስታስተምር የተቀበለ ምድር ላይ ቁጭ ብሎ «ሴት መንፈሳዊ ትምህርት አታስተምርም» ብሎ መጻፍ እንዴት ይሆናል? ጸሐፊው ይህን ሲጽፉ እማሆይን ባያስታውሷቸው ነው እንጂ።

ስለ ሕልሙና ስለ ዝምታው ብዙ አልልም። ናቅሽባንዲዎች ዚክራቸው የልብ ነው። እንደ ሌላው ጠሪቃ፣ እንደ ቃዲሪያው፣ ድምፅ አያወጡም፣ ድቤም የላቸውም። ዝም ያለ ሰው ሥራ ፈትቷል ማለት አይደለም። ከመርሖቻቸው አንዱ፣ በሕዝብ መካከል ሆኖ ልብን ከአላህ ጋር ማቆየት ነው። ስለዚህ ተከታዩ ዋሻ አይገባም። ይነግዳል፣ ያገባል፣ ልጅ ያሳድጋል። ለንደን ወይዘሮ ትዊዲ ቤት ይመጡ የነበሩትም እንደዚሁ ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። አብረው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ሻይ ይጠጣሉ። ሕልማቸውን ይናገራሉ፤ ስለሱ ይወያያሉ። የስዊሱ የሥነ ልቦና ሊቅ የካርል ዩንግ ሐሳብም እዚያ ቤት ቦታ ነበረው።

ሕልም ያሳፍራል ካልን ደግሞ የዩሱፍን ታሪክ ምን ልናደርገው ነው? መልካም ሕልም ከነቢይነት 46 ክፍል አንዱ ነው የሚለው ሐዲስስ? የኛ ሰው «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የሚለው ሕልሙን ለማንም እንዳያወራ ነው። ለሚያውቅ፣ ደግ ለሚያስብ ሰው ነው የሚነገረው። ለንደን ይደረግ የነበረው ይኸው ነው። የትምህርታቸው ልብ ግን ሕልሙ አይደለም። ነፍስ «እኔ፣ እኔ» ማለቷን እስክትተው ድረስ መውደድ ነው። የኛ መንዙማ አዋቂዎች ሌሊቱን ሙሉ የሚሉት ምን ሆነና?

የመጨረሻው፣ ሱፊነት ለጎጃም ባዕድ ነው የሚለው፣ እኔን በግሌ ነው የነካኝ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጎጃም ትልቁ ገበያ ባሶ ነበር። የጁቤ አጠገብ ነው። ዓባይን ተሻግሮ ከግቤ አገሮች የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ እዚያ ይወርዳል። ያንን ንግድ በአብዛኛው የያዙት ሙስሊሞች ናቸው። እስልምናና ጠሪቃው በነጋዴውና በደረሳው መንገድ ነው ወዲያና ወዲህ የተመላለሰው። ጎጃም ውስጥ ሙስሊም ርስት አይሰጠውም ነበር። ስለዚህ ሸማ ሠራ፣ ቆዳ ፋቀ፣ ነገደ። በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ ሙስሊሙ ክርስትና ይነሣ ብለው ሲያውጁ፣ ያንን ክፉ ጊዜ ያለፈው ሰው በምን ያለፈው ይመስላቸዋል ጸሐፊው? በየቤቱ በሚደረግ ዱዓ ነው። መጽሐፍ ማንበብ በማትችል እናት አፍ ላይ ባለ ዚክር ነው።

አያቴ ሞጣ ውስጥ የሸማኔ ሚስት ነበረች። ኸሚስ ማታ ሴቶቹ እሷ ቤት ወዳጃ፣ ማለትም የዱዓ ስብሰባ፣ ይቀመጣሉ። የአያቴ ባል ከሽመናው ጉድጓድ በላይ የዘረጋው ሸማ ተጠቅልሎ ከምሰሶው ጋር ይታሰራል፣ ቦታ እንዲለቅ። ቄጠማ ይነሰነሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ዱዓውን የምታስነሣው እሷ ናት። ሴቶቹ መዳፋቸውን ዘርግተው «አሚን» ይላሉ። ጎረቤታችን የነበረች አንዲት ክርስቲያን፣ ልጇ በታመመ ጊዜ በሩ ላይ ቆማ «እማማ፣ የኔንም ልጅ በስሙ ጥሪልኝ» ስትላት ሰምቻለሁ። አያቴ የልጁን ስም ሁለቴ ጠየቀቻትና ከሁሉ አስቀድማ ጠራችው። ባልና ሚስት ሲጣሉም፣ ጎረቤት ሲኳረፍም እዚያው ቁጭ ብለው ይታረቃሉ። ያቺ ሴት ምን ነበረች? ማዕረግ የሰጣት የለም። ሴቶቹ ግን ከሷ ተምረዋል። እናቴም ከነሱ አንዷ ናት።

ስለዚህ የካንፑሩ ግቢና የለንደኑ ሻይ ለኔ እንግዳ አልሆነብኝም። ሩቅ አገር ያለች ሴት የኖረችውን ሳነብ የማውቀውን ሽታ ነው ያገኘሁበት። ብዙው ነገሯ ከአያቴ ይለያል። ሶላቱ የለም፤ ይህ ለኔ ትልቅ ልዩነት ነው። ፍለጋው ግን ያው ነው።

ጸሐፊው መልስ ይሰጡኝ እንደሆነ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ጽሑፋቸው የወይዘሮ ትዊዲን ታሪክ መምህሩ ባረፉበት በ1966 ላይ አቁሞታል። ከዚያ በኋላ 33 ዓመት ኖረዋል። ያስተማሩት በነዚያ ዓመታት ነው፤ ማስታወሻው የታተመውም ያኔ ነው። አንድ መስመር እንኳ አልሰጡትም። የሚቀጥለውን ከዚያ ቢጀምሩልን፣ እኔም ዳግመኛ ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ።